ልልቀቅ ወይስ ልቻለው? ከ38 መልስ በኋላ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ልጄ ተኝቷል፣ ባለቤቴ ሳሎን ልብስ ታጥፋለች፣ እኔ ስልኬን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠቀስኩም። በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት 6 ዓመት ሞላኝ፣ ደሞዙ አይከፋም፣ በጊዜውም ይገባል፣ አለቃዬ ግን ሰው አያከብርም አልኩ። ልልቀቅ ወይስ ልቻለው? በቃ፣ ይኸው ነው።

ታሪኩን እዚህም ልድገመው፣ ያለሱ መልሶቹ አይገቡም። የወር መጨረሻ ነው፣ የቫት ሪፖርት የምናዘጋጅበት ሰሞን። አንድ የግዢ ደረሰኝ ጠፋ። (እውነቱን ለመናገር አልጠፋም። ራሱ መኪናው ውስጥ ረስቶት ነበር፣ ማታ ሹፌሩ ይዞት መጣ።) አለቃዬ ሁለት ደንበኞች በተቀመጡበት ገባ፣ ቦክስ ፋይሉን ከመደርደሪያው አወረደና ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። ቀለበቱ ተከፈተ። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ደንቆሮ አለኝ። ቀጠለና ደግሞ "አንቺ" አለኝ። እኔ ወንድ ነኝ። ሻይ የምታቀርብልን እናት ልክ በዚያች ሰዓት ገብታ ነበር። ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች፣ ትሪዋን እዚያው ረስታ ወጣች። እኔ ተንበርክኬ ወረቀት ለቀምኩ።

እስኪነጋ 9 መልስ ገብቶ አገኘሁ። በሳምንቱ 38 ሆነ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ለእኔም ለቤተሰቤም መልካሙን ሁሉ ከተመኘልኝ በኋላ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ወደሚለው አመራ። 2ኛዋ ደገፈችው። እሷም እንዲህ ያለ ሰው ስር 4 ዓመት ከርማ፣ በመጨረሻ ሰውየው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር በወንበሩ የተቀመጠችው ራሷ ናት። ይህን ስትጽፍ ደስ እያላት እንደሆነ ያስታውቃል። የእኔ አለቃ ግን የባለቤቱ ልጅ ነው። የት ይዛወራል?

3ኛው አስጠነቀቀኝ። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ አምስት ሳንቲም አያገኝም፣ ስለዚህ እስኪያባርሩኝ ልጠብቅ። እኔም እስከዚያ ድረስ የማምነው ይህንኑ ነበር። 4ኛው ነገ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ስልኬን አጥፍቼ እንድወጣ አዘዘኝ። ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። 5ኛዋ የቤት ኪራዩን አንተ ትከፍልለታለህ ወይ በሚል አፋጠጠችው። እሱም 6ኛ ሆኖ ተመለሰና ኪራይ ሲቆጥር የሚኖር ሰው ሎሌ ሆኖ ይሞታል አለ። ሁለቱ እንደዚህ ተያይዘው ትንሽ ተጓዙ። ያን ክፍል ልዝለለው።

7ኛው ቁም ነገር ጠየቀ፤ በየወሩ ምን ምን እንዳለብኝ። 8ኛውን ራሴ ጻፍኩ። ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እቁብ አለ። በወር 3,000 ብር እጥላለሁ። ዕጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ደርሶኝ በልቼዋለሁ፣ የምከፍለው ግን 11 ወር ይቀረኛል። እቁብ ያልገባ ሰው ይህን እንደ ቀላል ያየው ይሆናል። የባንክ ብድር ቢዘገይ ወለድ ይጨምራል፣ የእቁብ ግን ዋሴ ነው የሚያፍረው፣ እሱም የሚስቴ ወንድም ነው። 9ኛው መልስ ከአንድ አዛውንት መጣ። ልጄ ብለው ጀመሩና፣ እቁብ የበላ ሰው ሁለት አለቃ እንዳለው፣ አንዱ ቢሮ ሁለተኛው ደግሞ እሑድ ጠዋት እቁቡ ቤት እንደሚቀመጥ ጻፉ። ከክሩ (ከመልሶቹ ሰንሰለት) ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘው ይኸው ነው።

ከዚያ 10ኛው ገባ። የሕግ ሰው መሆኑን አልተናገረም፣ ከአጻጻፉ ግን ያስታውቃል። 3ኛውንም 4ኛውንም በአንድ ጊዜ አረማቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈለገ ጊዜ መልቀቅ ይችላል፣ ይህ አንቀጽ 31 ነው። ቁልፍ አስቀምጦ የጠፋ ደግሞ ለአሠሪው ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ካሳው ከ30 ቀን ደሞዝ አይበልጥም፣ ከቀሪ ሒሳቡም ይቆረጥበታል። 4ኛው ይህን ካነበበ በኋላ ለሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ።

እኔን የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አንቀጽ 32 አለ። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ዝም ብሎ መውጣት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱንና የሚለቅበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መብቱም ይቃጠላል፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ 15 የሥራ ቀን ካለፈ አንቀጹን መጠቀም አይቻልም። እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ቅዳሜን ጨምሬ 11 ሆነ። ያ ቦክስ ፋይል ከተወረወረ 11 የሥራ ቀን አልፏል፣ እኔ ደግሞ በነዚያ ቀናት የሠራሁት ነገር ቢኖር ሌሊት ሌሊት ጣራ ማየት ነው።

11ኛው ያለ ምክንያት ተናደደ። ሕግ ወረቀት ላይ ነው፣ አገሩን የማታውቅ ትመስላለህ ብሎ 10ኛው ላይ ወረደበት። 10ኛው አልተቆጣም። ሒሳቡን ቁጭ አደረገው። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለና በሥልጠና ምክንያት የመቆየት ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። የእኔ 6 ዓመት ሲሰላ የ80 ቀን ደሞዝ ማለት ነው። በአንቀጽ 32 ከለቀቅኩ ደግሞ በዚህ ላይ የ30 ቀን ደሞዝ ካሳ ይጨመራል።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ግን ይህን ሒሳብ ለራሴ ሠርቼው አላውቅም ነበር። ደሞዜ 18,000 ብር ነው። የ80 ቀኑ ግብር ሳይነካው 48,000 ይመጣል። የቀረኝ እቁብ 33,000 ነው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ልብሱን ትታ ሁለት ጊዜ ደመረችው።

12ኛው ኦዲተር ነው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠም፣ ርክክብ ብሎ ጀመረ። የሒሳብ ሰው ያለ ርክክብ ከወጣ ለሰው አፍ ራሱን ይሰጣል። ሰው ፊት ፋይል የሚወረውር አለቃ፣ ነገ ጉድለት ተገኘ ብሎ ለመክሰስ አያመነታም። ስለዚህ የባንክ ማስታረቂያውን፣ ያልተወራረደ የቅድሚያ ክፍያ ዝርዝሩን፣ የደረሰኝ ጥራዙን ከነተከታታይ ቁጥሩ በሰነድ አስረክቤ፣ ተረካቢ ፈርሞልኝ፣ አንዱን ቅጂ ቤቴ ማስቀመጥ አለብኝ። 13ኛዋ ይህንን አጠናከረች። ከለቀቀች በኋላ ክሊራንስ ለመጨረስ ብቻ ለወራት ተመላልሳለች፤ ንብረት ክፍል ሲፈርም ፋይናንስ የለም፣ ፋይናንስ ሲመጣ ማኅተም የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። 10ኛው ጣልቃ ገብቶ ሁለት ነገር አከለ። ቀሪ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ሠራተኛው ሲጠይቅ ያለ ክፍያ የሚሰጥ እንጂ አለቃው ሲፈልግ የሚቸረው አይደለም።

14ኛዋ ከጂዳ ጻፈች። አጭር ነው። እሷ ሥራ መልቀቅ ማለት ቤት መልቀቅ፣ አልጋ መልቀቅ፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማጣት በሆነበት አገር ነው ያለችው። ሳዑዲ በ2021 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ ያለ ከፊሉ (ያስመጣው አሠሪ) ፈቃድ አሠሪ እንዲቀይር የፈቀደች ጊዜ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ማዳሟ በ4 ዓመት ውስጥ በስሟ ጠርታት አታውቅም። ምክር አልሰጠችኝም፣ በር ስላለህ አመስግን የሚመስል ነገር ብቻ ትታ ሄደች። ከእሷ ቀጥሎ ለመጻፍ ማን ይደፍራል ብዬ ነበር።

15ኛው ደፈረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ፓርኪንግ ሠርቷል። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው አለቃውም ሠራተኛውም በማንኛውም ቀን መለያየት ይችላሉ፤ ቱ ዊክ ኖቲስ (የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ) የሚባለው ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። የእኛን 30 ቀን ሲያነብ ገርሞታል። ግን እዚያም አበሻ አለቃ ሲገጥም ነገሩ ሌላ ነው ይላል፤ ፈረንጁ ሲያባርርህ ፈገግ ብሎ ነው፣ የአገርህ ልጅ ግን መጀመሪያ ያመናጭቅሃል፣ ከዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያቅፍሃል። 16ኛው ተቃወመ፣ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጥ አለ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሙሉ በሙሉ ከመስመር ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ የወደድኩትም ይህን ክፍል ነው።

17ኛው የድሬዳዋ ልጅ ነው። እነሱ ጋ አያትም አንቺ፣ ሸህም አንተ፣ ከንቲባም አንተ ነው። አንተ ስለተባልክ ተዋረድክ ማለት የአዲስ አበባ ሰው መቀናጣት ነው። 18ኛዋ ከጎንደር መለሰችለት። እሷ ያደገችው አባቷን አንቱ እያለች ነው፤ እናቷም ባሏን አንቱ እያለች ነው የኖረችው። አንቱታ ከአፍ ሲወጣ ፊትም አብሮ ይስተካከላል። 17ኛው ሳቀ። 18ኛዋ አልሳቀችም።

19ኛው እኔን ጠየቀኝ፤ እኔ አለቃዬን ምን ብዬ እንደምጠራው። እርስዎ ነው የምለው። በዕድሜ በ5 ዓመት እበልጠዋለሁ። እሱ አንተ ይለኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁትን፣ ጢማቸው የሸበተ ጥበቃችንንም አንተ ነው የሚላቸው። እሳቸው ደግሞ ተነስተው በሩን ይከፍቱና እርስዎ ይሉታል። 20ኛዋ እዚህ ላይ ያለችውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቃሉን ትታ መንገዱን አየች። ሁለቱም አንተ ከተባባሉ ወዳጅነት ነው። ሁለቱም እርስዎ ከተባባሉ ሥራ ነው። አንዱ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል ሲጣራ ግን፣ ፋይል ቢወረወርም ባይወረወርም ነገሩ የታወቀ ነው።

21ኛው ሌላ መፈተኛ አመጣ። አለቃው በሌለበት ሠራተኛው እሱ ነው የሚለው ወይስ እሳቸው? እኛ ቢሮ ውስጥ እሳቸው፣ ሻይ ቤት ስንደርስ እሱ ነው። ደረጃው ላይ ይቀየራል። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ።

22ኛው "አንቺ" ስለመባሌ አቃለለ። ጓደኛሞች ሰፈር ውስጥ ሲቀላለዱ ይባባሉት የለ? ፈታ በል ዓይነት። 23ኛው ገነፈለበት፤ ጀለስህ ጫት ቤት የሚልህና አለቃህ ደንበኛ ፊት የሚልህ አንድ ነው ወይ ብሎ። እስከዚህ ሁሉም እኔን የሚከላከል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። 24ኛዋ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ አንቺ ስትባል የኖረች ሴት ናት። ደንቆሮ መባሌን በአንድ ቃል አልፌ፣ አንቺ መባሌን ግን "እኔ ወንድ ነኝ" ብዬ በመደምደሜ ታዘበችኝ። ከስድቦቹ ሁሉ ትልቁ ሴት መባል ከሆነ እኛ ምን እንባል ነው ነገሩ። 25ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልክ ነሽ ብቻ ነው ያልኩት። ሌላ ምን ይባላል? 26ኛው ጉዳዩን አታበላሺብን ብሎ ሊገስጻት ሞከረ፣ 27ኛ ሆና መጥታ አጠበችው። 28ኛው በዚህ ሁሉ መሀል የኤክሴል ሥልጠና ማስታወቂያ ለጠፈ። ቅናሽ አለው።

በ29ኛው 10ኛው ሰው ተመለሰና ክሩን ጎትቶ ወደ መስመሩ አስገባው። የቀረኝ 3 ቀን መሆኑን አስታወሰኝ። ከዚያ ማስረጃ ጠየቀ። አንቀጽ 32ን ብጠቀምና አለቃዬ ቢክድ፣ ፍርድ ቤት ማን ይመሰክርልኛል? ሠራተኛ ለእንዲህ ያለ ክስ የዳኝነት ስለማይከፍል ገንዘቡ አያሳስብም፣ የሚያሳስበው ምስክሩ ነው።

ሁለቱ ደንበኞች የእሱ ወዳጆች ናቸው። የቀረችው ሻይ የምታቀርበው እናት ናት።

30ኛው የእኔ ነው፣ ክሩ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ። በማግስቱ ጠይቄያት ነበር። ኩሽናው በር ላይ ቆማ ስኒ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ ትሪዬን የት እንደረሳሁት እንኳ አላስታውስም አለችኝ። ትሪው እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲውል ራሷ ናት ተመልሳ የወሰደችው። ገባኝ። ሦስት ልጆች አሏት። እሷ ከዚህ ቢሮ ብትባረር አንቀጽ የሚቆጥርላት የለም። እኔ በአንቀጽ 31 ብለቅ 80 ቀኑን አገኛለሁ። በ32 ብለቅ 18,000 ብር እጨምራለሁ፣ ግን ለዚያ ብር እሷን ዳኛ ፊት ማቆም አለብኝ።

31ኛው ፈሪ አለኝ። እንዲህ ያሉ አለቆች የሚሠለጥኑት በእኔ ዓይነት ሰዎች ነው፣ ዝም ባልኩ ቁጥር ቀጣዩን ሠራተኛ አሳልፌ እሰጣለሁ። ቃሉ ከብዶኛል፣ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነውም አልልም። 32ኛዋ ግን ከሌላ ወገን መጣች። እሷ በሰው ክስ ምስክር ሆና ታውቃለች። ከሳሹ አሸነፈ፣ ገንዘቡን ወሰደና ሄደ፤ እሷ እዚያው ቢሮ ቀረች፣ ለአንድ ዓመት ሰላም የሚላት አልነበረም። በመጨረሻ ራሷም ለቀቀች። ከሳሹ አንድ ቀን እንኳ ደውሎላት አያውቅም። 31ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

33ኛው እና 34ኛው ደብዳቤው ላይ ተከራከሩ። አንደኛው የደረሰብኝን ሁሉ ዘርዝሬ እንድጽፍ ፈለገ። ሁለተኛው፣ ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ልምድ የሚጽፍልህ ይኸው ሰው አይደለም ወይ አለ። 34ኛው ናሙና ሳይቀር አዘጋጀልኝ። ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቅን ስለማሳወቅ። ሦስት መስመር። ከሰላምታ ጋር። 12ኛው ኦዲተር 35ኛ ሆኖ ብቅ አለና በሁለት ቅጂ ይሁን፣ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ በእጅህ ያለው ቅጂ ላይ ተቀባዩ ይፈርም ብሎ ተሰወረ። ይህ ሰው መቼ እንደሚተኛ አላውቅም።

36ኛውን የጻፍኩት በሳምንቱ ማክሰኞ ነው። ደብዳቤዬ ሰኞ ጠዋት ገባ። በአንቀጽ 31፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ሦስት መስመር። አለቃዬ ቢሮው አስጠርቶኝ ምንም አላለኝም፣ ፋይልም አልወረወረም። ከሰዓት በኋላ መልሱ በደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለበት። መልቀቂያዎ ደርሶናል፣ በሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜ ስላበረከቱት አስተዋፅኦ እናመሰግናለን፣ እስከሚለቁበት ቀን ድረስ ርክክብ እንዲያደርጉ እናሳስባለን። ለክሩ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው። 6 ዓመት ሙሉ ይህ ሰው እርስዎ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

37ኛዋ፣ የጎንደሯ ልጅ፣ እልል አለች።

38ኛው ደስታዬን አልጋራም አለ። ደብዳቤውን የጻፈችው ጸሐፊዋ ናት፣ አለቃህ ፈረመ እንጂ አላነበበውም። ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ጸሐፊያችንን አውቃታለሁ፣ ምሳ የምበላው ከእሷ ጋር ነው። ወረቀቱን ስታቀብለኝም "ያው፣ አሳምሬ ጻፍኩልህ" ብላኝ ነበር። እሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ነው የምትለኝ።